2147483647 ፕራይም መሆኑን ያለ ኮምፒውተር እንዴት አወቁት?

ጥያቄው፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ከትምህርት መልስ ድሬዳዋ ታይዋን አካባቢ ስልክ ጥገና እሠራለሁ። አንድ ደንበኛ ባመጣው ስልክ ላይ የነበረ ጨዋታ የሳንቲም ቆጣሪው 2147483647 ላይ ደርሶ ከዚያ በላይ አልቆጥርም አለ። ስለ ቁጥሩ ባነብ ፕራይም ነው፣ ከ250 ዓመት በፊትም አንድ ዓይነ ስውር ሊቅ በእጅ ስሌት አረጋግጦታል ይላሉ። እኔም በ2 የሚፈትን አጭር ፕሮግራም ጽፌ ብሞክረው ፕራይም ነው አለኝ። ችግሩ ይኸው ፕሮግራም 2047ንም ፕራይም ነው ይላል፤ 2047 ግን 23 ሲባዛ በ89 ነው። ታዲያ የትኛውን ልመን? ሰውየውስ እስከ 46,340 ባሉት ቁጥሮች ሁሉ እያካፈለ ነው ያወቀው?»

ምላሽ፦

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይወደድ «አንተ» ብዬ ልጀምር። ቁጥሩ ያለ ጥርጥር ፕራይም ነው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም። ፕሮግራምህ የሰጠህ መልስ እውነት ቢሆንም ማስረጃ አይሆንም፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ። ሊቁ ደግሞ አንተ ባሰብከው መንገድ አልሄደም። ከ46,340 በታች ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ከመሞከር ይልቅ፣ ይህን ቁጥር ሊያካፍል የሚችል ቁጥር ምን ዓይነት መልክ ሊኖረው እንደሚገባ አስቀድሞ አወቀ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ትዕግሥት ያለው ሰው በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው ነበር። በሚቀጥለው ሐተታ ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቆጣሪው ለምን እዚያ ላይ እንደቆመ እንይ። በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ አንድ ሙሉ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ 32 ቢት ነው፤ እያንዳንዱን ቢት እንደ አንድ አምፖል ብትወስደው ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ከ32ቱ አንዱ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆኑን ሲያመለክት፣ የቀሩት 31ዱ መጠኑን ይይዛሉ። ሠላሳ አንዱም ሲበሩ 1 + 2 + 4 + 8 እያለ እስከ 2³⁰ የሚደመረው ድምር 2³¹ − 1 ይሆናል፤ ይህም 2147483647 ነው። የኮምፒውተር መሐንዲሶች ቁጥሩን ፕራይም ስለሆነ አልመረጡትም። ባለ 16 ቢቱ ወሰን 32767 ሲሆን 7 × 31 × 151 ነው፤ ባለ 64 ቢቱ ወሰን 9223372036854775807 ደግሞ በ7 ሁለት ጊዜ ይካፈላል። የባለ 32 ቢቱ ወሰን ፕራይም ሆኖ መገኘቱ ግጥምጥሞሽ ነው፤ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ የሚቻልበት ምክንያት ግን አለው።

ነገሩ ወዲህ ነው። 32767 በሁለትዮሽ አጻጻፍ አሥራ አምስት አንዶች ነው። አሥራ አምስቱን በሦስት በሦስት ብትከፍላቸው 111 111 111 111 111 ይሆናሉ፤ ስለዚህ 111፣ ማለትም 7፣ ያለ ምንም ስሌት ያካፍለዋል። በአምስት በአምስት ብትከፍላቸው ደግሞ 11111፣ ማለትም 31፣ ያካፍለዋል። ይህ በተለመደው አቆጣጠር 999999 በ99 እንደሚካፈል በዓይን እንደማየት ነው። እንግዲህ የአንዶቹ ብዛት በእኩል መከፈል ከቻለ ቁጥሩም ይካፈላል። 63 በ7 ስለሚካፈል ባለ 64 ቢቱ ወሰን ገና ከጅምሩ ወደቀ። 31 ግን በእኩል አይከፈልም፤ ስለዚህ ይህኛው ቀላል ማካፈያ በ2³¹ − 1 ላይ አይሠራም። በሩ አልተዘጋም ማለት ነው እንጂ ማንም ገብቷል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት 2² − 1 = 3፣ 2³ − 1 = 7፣ 2⁵ − 1 = 31፣ 2⁷ − 1 = 127 ብዬ ሰሌዳው ላይ ደርድሬ፣ አርቢው ፕራይም ከሆነ ውጤቱም ፕራይም ነው ብዬ በሙሉ ልብ ተናገርኩ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ተማሪ ቀጣዩን 2¹¹ − 1 ሠርታ 23 × 89 ብላ ስታነበው ደወሉ አዳነኝ። በኋላ ሳነብ ከእኔ በፊት ትልልቆቹም እንደወደቁበት አየሁ። ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ካታልዲ በ1588 የ2¹⁷ − 1 እና የ2¹⁹ − 1ን ፕራይምነት በማካፈል በትክክል አረጋግጦ ሲያበቃ፣ አርቢያቸው 23፣ 29፣ 31 እና 37 የሆኑትም ፕራይም ናቸው ብሎ አከለ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ1640 የ23ቱንና የ37ቱን አፈረሰ፤ 2²³ − 1 በ47፣ 2³⁷ − 1 ደግሞ በ223 ይካፈላሉ። 29ኙን በ233 ያፈረሰው ኦይለር ነው፤ አንተ ዓይነ ስውር ሊቅ ያልከውም እርሱ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማራን መርሰን በ1644 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ 67 እና 257 በስሕተት ገብተዋል፣ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘንግተዋል፤ እንዲያም ሆኖ እነዚህ ቁጥሮች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በእርሱ ስም ነው። ከካታልዲ አራት ግምቶች መካከል የተረፈችው የ31ዷ ብቻ ነች። ተረፈች ለማለት ግን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የ2147483647 ስኩዌር ሩት 46,340 ከነጥብ በላይ ነው። ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ከሁለቱ አንዱ ከ46,340 ሊበልጥ አይችልም፤ በዚህ ላይ ያሰብከው ትክክል ነው። ቁጥሮቹን ሁሉ መሞከርም አያስፈልግም፤ ፕራይሞቹ ብቻ ይበቃሉ። እነርሱም ከአራት ሺህ ሰባት መቶ በላይ ናቸው፤ አራት ሺህ ሰባት መቶ ረጃጅም ማካፈሎችን በላባ ብዕር መሥራት ምን እንደሚመስል ማሰብ ነው።

ይህን ክምር የሚያቀልለው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ 2047ን ያካፈሉት 23 እና 89 ለምን እነርሱ ሆኑ? ከ1 ተነሥተህ ደጋግመህ እጥፍ አድርግ፤ ከ23 ሲያልፍ 23ን ቀንስ። እንዲህ ይሄዳል፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ ከዚያም ተመልሶ 1። ዙሩ በትክክል በ11 እርምጃ ተዘጋ። መዘጋትም ነበረበት፤ 23 የ2¹¹ − 1 አካፋይ ነው ማለት 2¹¹ ለ23 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው ማለት ነውና። ሌላም ነገር አለ። ፌርማ እንዳገኘው፣ ማንኛውንም ከ2 የሚበልጥ ፕራይም ወስደህ ከፕራይሙ አንድ ባነሰ ቁጥር ያህል ጊዜ እጥፍ ብታደርግ ሁልጊዜ ወደ 1 ትመለሳለህ። ለ23 ይህ 22 እርምጃ ነው፤ 22 ደግሞ የ11 ሁለት እጥፍ ነው፤ ዙሩን ሁለቴ ዞርክ ማለት ነው። ለ89ም 88 የ11 ስምንት እጥፍ ነው። በዙር ላይ የሚሄድ ሰው መነሻው ላይ በተገኘ ቁጥር ሙሉ ዙሮችን ብቻ ጨርሷል፤ ሐረር ላይ ጁገልን የሚዞር ሰው ከሸዋ በር ተነሥቶ ሸዋ በር ከደረሰ ግማሽ ዙር ዞሯል እንደማይባለው ሁሉ።

ይህንኑ ወደ 31 አምጣው። 2³¹ − 1ን የሚያካፍል አንድ ፕራይም አለ እንበልና «ቀ» ብለን እንጥራው። እጥፍ የማድረጉ ዙር በ31ኛው እርምጃ ወደ 1 ይመለሳል። ስለዚህ የዙሩ ርዝመት 31ን የሚያካፍል መሆን አለበት፤ 31 ፕራይም በመሆኑም ርዝመቱ ወይ 1 ወይ 31 ነው። 1 ሊሆን አይችልም፤ 1ን አንድ ጊዜ እጥፍ ብታደርግ 2 እንጂ 1 አይሆንምና። ስለዚህ ርዝመቱ 31 ነው። በፌርማ ሕግ መሠረት ደግሞ ቀ − 1 እርምጃ ላይም ወደ 1 እንመለሳለን፤ ስለዚህ ቀ − 1 የ31 ብዜት ነው። ቀ ጎደሎ ቁጥር በመሆኑ ቀ − 1 ለ2 ይካፈላል፤ እንግዲያው የ62 ብዜት ነው። በአንድ አንቀጽ ውስጥ፣ ምንም ሳናካፍል፣ የሚሞከሩት ቁጥሮች ለ62 ሲካፈሉ 1 የሚተርፋቸው ብቻ ሆኑ። የአርቢውን ፕራይምነት የተጠቀምንበትን ቦታ ልብ በል፤ አርቢው 15 ቢሆን ኖሮ የዙሩ ርዝመት 3 ወይም 5 ሊሆን በቻለ ነበር፤ 7 እና 31 የገቡትም በዚያ ቀዳዳ ነው።

ሁለተኛው ወንፊት ይበልጥ ይጠልቃል። 2³¹ ለቀ ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ፣ 2³² ሲካፈል ቀሪው 2 ነው። 2³² ግን የ65,536 ካሬ ነው። ስለዚህ ለቀ ሲካፈል ቀሪው 2 የሚሆን ካሬ ቁጥር አለ ማለት ነው። ይህ ለሁሉም ፕራይም አይሆንም። ለ7 ሞክር፤ 3² = 9 ቀሪው 2 ነው። ለ17፤ 6² = 36 ቀሪው 2 ነው። ለ23፤ 5² = 25 ቀሪው 2 ነው። ለ3፣ ለ5፣ ለ11 እና ለ13 ግን የፈለግከውን ያህል ካሬ ብትሞክር 2 አይተርፍም። ሕጉ ይህ ነው፦ ከ2 በሚበልጡ ፕራይሞች ዘንድ 2 የካሬ ቀሪ የሚሆነው ፕራይሙ ራሱ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ሲተርፈው ብቻ ነው። ማረጋገጫው የዚህን ምላሽ ያህል ስለሚረዝም እተወዋለሁ፤ በማንኛውም የቁጥር ቲዎሪ መግቢያ ላይ ታገኘዋለህ።

ሁለቱን ወንፊቶች ስታነባብራቸው፣ ለ31 ሲካፈል 1 የሚተርፈው፣ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7 የሚተርፈው ቁጥር ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 ይተርፈዋል። ከ46,340 በታች እንዲህ ያሉት፣ 63 ራሱ 7 × 9 ስለሆነ እርሱን ጥለን፣ 372 ናቸው። ከእነዚህም አብዛኞቹ በግልጽ የሚካፈሉ ናቸው፤ 249 በ3፣ 497 በ7፣ 559 በ13፣ 745 በ5። ፕራይም ሆነው የሚቀሩት ሰማንያ ገደማ ብቻ ናቸው። ከአራት ሺህ ሰባት መቶ ወደ ሰማንያ ወረድን ማለት ነው። ኦይለር በ1772 ለዮሐንስ በርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ያስታወቀው ይህንኑ ነው፦ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸውን ፕራይሞች ሞክሮ አንዳቸውም ቁጥሩን እንደማያካፍሉ። (ይህ በርኑሊ ሦስተኛው ዮሐንስ ነው፤ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ስሙ እየተደጋገመ ታሪክ አንባቢን ያደናግራል።)

ዓይነ ስውር የሚለውም እውነትነት አለው። ኦይለር የቀኝ ዓይኑን ብርሃን ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ነው ያጣው፤ የግራውም የዓይን ሞራ ይዞት በ1771 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ማየት የቻለው ለአጭር ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚያስጽፈው በቃል ነው። ዘዴውም በዚያን ጊዜ አዲሱ አልነበረም። ከዚያ አርባ ዓመት በፊት፣ በ1732፣ ፌርማ ፕራይም ነው ብሎ ያመነበትን 2³² + 1 በዚሁ ዓይነት አስተሳሰብ አፍርሶት ነበር። የዚያ ቁጥር አካፋዮች ለ64 ሲካፈሉ 1 የሚተርፋቸው መሆን እንዳለባቸው ካወቀ በኋላ 641 ላይ ደረሰ፤ 4294967297 = 641 × 6700417። በአንዱ ያፈረሰበትን መሣሪያ በሌላው ለማጽናት ተጠቀመበት።

ወደ ፕሮግራምህ እንምጣ። ከገለጻህ እንደገባኝ፣ ፕሮግራሙ የሚፈተነውን ቁጥር ይወስዳል፣ ከእርሱ አንድ ያነሰውን አርቢ አድርጎ የ2ን ርቢ ያሰላል፣ ቀሪው 1 ከሆነ ፕራይም ይላል። ይህ የፌርማ ሕግ ተገልብጦ የተነበበበት ነው። ሕጉ ፕራይም ሁሉ ፈተናውን ያልፋል ይላል፤ ያለፈ ሁሉ ፕራይም ነው ግን አይልም። ለአብዛኞቹ ቁጥሮች ልዩነቱ ብዙ አይጎዳም። ለእነዚህ ለመርሰን ቁጥሮች ግን ፈተናው ጨርሶ ከንቱ ነው፤ ከንቱ የምለውም በጠንካራው ትርጉሙ ነው። 2 ለ2047 እጥፍ ሲደረግ ዙሩ በ11 እርምጃ ይዘጋል። 2046 ደግሞ 11 × 186 ነው። ስለዚህ በ2046ኛው እርምጃ 1 ላይ መገኘቱ አይቀርም፤ 2047 ፕራይም ሆነም አልሆነም። በ2147483647ም ዘንድ 2147483646 = 31 × 69273666 ነውና ማለፉ ከመፈተኑ በፊት የታወቀ ነበር። አርቢያቸው ፕራይም የሆነ የመርሰን ቁጥሮች ሁሉ ይህን ፈተና ያልፋሉ። ተማሪው ፈተናውን ራሱ ያወጣ ያህል ነው። በ2 ፋንታ በ3 ብትፈትን ኖሮ 2047 ወዲያው ይጋለጥ ነበር።

ለእነዚህ ቁጥሮች የተሠራ እውነተኛ ፈተና ግን አለ፤ ለመጻፍም ካንተ ፕሮግራም አይከብድም። ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ በ1870ዎቹ ጀመረው፣ አሜሪካዊው ዴሪክ ሌህመር በ1930 አካባቢ ዛሬ የምንጠቀምበትን ቅርጽ ሰጠው። ከ4 ትነሣለህ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ካሬ ታደርጋለህ፣ 2 ትቀንሳለህ፣ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ትይዛለህ። ይህን ከአርቢው ሁለት ባነሰ ቁጥር ያህል ትደግማለህ። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ቁጥሩ ፕራይም ነው፤ ካልመጣ አይደለም፤ መሐል ሰፋሪ መልስ የለም። በ127 (አርቢው 7፣ እርምጃው 5) እንየው፦ 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። ፕራይም ነው። በ2047 (አርቢው 11፣ እርምጃው 9)፦ 4፣ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1877፣ 240፣ 282፣ 1736። 0 አልሆነም፤ ስለዚህ ፕራይም አይደለም፤ 23 እና 89ን ሳናውቅ አወቅነው። ለ2147483647 የሚያስፈልገው 29 እርምጃ ብቻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥህ፦ ካሬ የምታደርገው ቀሪ ወደ 2³¹ ሊጠጋ ስለሚችል ካሬው ወደ 2⁶² ይጠጋል፤ ስለዚህ ተለዋዋጩን ባለ 64 ቢት አድርገው። ባለ 32 ቢት ከተውከው፣ ስለ ቁጥሩ የምትመረምርበት ፕሮግራም ራሱ በዚያው ቁጥር ላይ ተሰናክሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጥሃል፤ እንዲህ ያለ ኮድ ይዘው የመጡ ተማሪዎች ገጥመውኛል።

ሉካስ በ1876 በዚህ መንገድ ባለ 39 አሃዙን 2¹²⁷ − 1 ፕራይም አለው፤ የመርሰን 67 ደግሞ ስሕተት መሆኑን አካፋዮቹን ሳያውቅ አሳየ። አካፋዮቹን አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በ1903 አገኛቸው፦ 193707721 × 761838257287። አንድ ቁጥር እንደሚካፈል ማወቅና በምን እንደሚካፈል ማወቅ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የ2147483647 ሌሎች ጠባያት ካስደሰቱህ ጥቂቶቹን ልጨምር። ጎረቤት የለውም፤ በ2 ብቻ የሚርቁት 2147483645 እና 2147483649 እንደ ቅደም ተከተላቸው በ5 እና በ3 ይካፈላሉ። ቅርብ ፕራይሞቹ ከታች 2147483629፣ ከላይ 2147483659 ናቸው። ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፈው የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ ሊጻፍ አይችልም። በ2³⁰ ሲባዛ ደግሞ 2305843008139952128 ይሰጣል፤ ይህ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሁሉ ተደምረው ራሱን መልሰው የሚሰጡ፣ እንደ 6 እና 28 ያለ ፍጹም ቁጥር ነው። ለእነዚህ ቁጥሮች ቀመሩን ያስቀመጠው ኤውክሊድ ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ስለዚህ ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ፣ እንዲህ ያሉት ነገሮች ከማስገረም በቀር ጥቅም ስለሌላቸው ከእርሱ የሚበልጥ የሚፈልግ ሰው አይነሣም፣ ትልቁ ሆኖ ይቀራል ብሎ ነበር። ፕራይሙ የትልቅነቱን ክብር ከሰባ ዓመት በላይ ይዞ ቆየ፤ ፈላጊዎቹ ግን አልጠፉም። በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዞች አሉት፤ የተረጋገጠውም በዚያው በሉካስና በሌህመር ፈተና ነው።

ጥቅም የለውም የተባለውም አልጸናም። ኮምፒውተር ዕጣ ሲያወጣ የሚጠቀምበት አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ ሐሳቡ የዚሁ የሌህመር ነው፣ ፓርክና ሚለር የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1988 ያስፋፉት ቅርጹም ዛሬ ድረስ በሲ ፕላስ ፕላስ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ አለ። የያዝከውን ቁጥር በ16807 ታባዛለህ፣ ለ2147483647 አካፍለህ ቀሪውን ትወስዳለህ። 16807 ለምን? 7⁵ ስለሆነ። በዚህ ፕራይም ላይ 7 እየተባዛ ሲሄድ ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ሁሉ ሳይጎበኝ ወደ መነሻው አይመለስም። አምስቱን በአንዴ እየዘለሉ መሄድም ዙሩን አያሳጥረውም፤ 2147483646 ሲተነተን 2 × 3² × 7 × 11 × 31 × 151 × 331 ነው፣ 5 በውስጡ የለችም። የሐረርን አምስት ጥንታዊ በሮች በሁለት በሁለት እየዘለልክ ብትዞር ሁሉንም ትነካለህ፤ ኋላ የተጨመረውን ስድስተኛ በር ከቆጠርክ ግን በሦስት ዝላይ ተመልሰህ መነሻህ ላይ ትገኛለህ፤ ነገሩ ይኸው ነው። በ7 ፋንታ 2ን የመረጠ ሰው ደግሞ ምን እንደሚደርስበት ካለፈው ታውቃለህ፤ ዕጣው በየ31ዱ ራሱን ይደግማል።

አንድ ተስፋ ደግሞ በዚህ ቁጥርም ላይ ተሰብሯል። 2² − 1 = 3፣ 2³ − 1 = 7፣ 2⁷ − 1 = 127፣ ከዚያም 2¹²⁷ − 1፤ ሁሉም ፕራይም ናቸው። አርቢው ራሱ የመርሰን ፕራይም ሲሆን ውጤቱ ሁልጊዜ ፕራይም ይሆን ይሆናል ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። 31 ራሱ 2⁵ − 1 በመሆኑ የእኛው 2147483647ም የዚያ ዘር ነው። አንድ ደረጃ ወጥተህ 2147483647ን አርቢ አድርገህ 2ን ብታረባና 1 ብትቀንስ ግን ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዞች ያሉት ቁጥር ይወጣል፤ እርሱም በ295257526626031 ይካፈላል። አካፋዩን ከላይ ባየነው ወንፊት መርምረው፦ 1 ስትቀንስለት 137490 × 2147483647 ነው፤ ለ8 ስታካፍለው ደግሞ 7 ይተርፋል።

ስለ ስልኮች ለምትጨነቅ አንድ ተጨማሪ ነገር። ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ሰዓትን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምረው በሰከንድ ነው፤ ባለ 32 ቢቱ ቆጣሪ 2147483647 ላይ የሚደርሰው በ2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ስሠራው ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሆነ፤ የጥምቀት ዕለት ማለዳ። ከዚያ በኋላ ባለው ሰከንድ ያልተስተካከለ መሣሪያ ቀኑን ወደ 1901 ይመልሰዋል። ደንበኛህ የሳንቲም ቆጣሪው በመቆሙ ካማረረ፣ ከመቆም የባሰ እንዳለ ልትነግረው ትችላለህ።

የኦይለርን ሥራ በራስህ እጅ ለመድገም ስልክህ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃሃል። ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸውን ቁጥሮች ደርድር፣ በትንንሽ ፕራይሞች የሚካፈሉትን ሰርዝ፣ በቀሩት 2147483647ን አካፍል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሠርቼልሃለሁ፦ በ311 ቀሪው 35፣ በ1303 ቀሪው 226፣ በ1489 ቀሪው 199። በየትኛውም ቦታ ቀሪው 0 ከመጣብህ ኦይለር ሳይሆን ጣትህ ነው የተሳሳተው፤ ያንን መስመር እንደገና ሥራው።